አስቴርን ፍለጋ ወደ ሐረር

ከሐረር ከተመለስኩ ሁለት ወር አልፎኛል። አሰላ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ጅቡና ስለ ግንቡ ይጠይቀኛል። ጅቡን አላየሁም። ግንቡንም ያየሁት እግረ መንገዴን ነው። የሄድኩት አንዲት ሴት ፍለጋ ነበር። ስለዚህ ሐረርን ላላያትና ምናልባትም ለማያያት ሰው የምነግረው ስለ መንገዱ፣ ስላደርኩበት ቤት፣ ስለበላሁት ምሳና ከሴትዮዋ ጋር ስለተነጋገርነው ነው።

ስሜ ታደሰ ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአንዲት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንም አሥራ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ሆኜ አገልግያለሁ። ሰው ይወደኛል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ችግሬ እሱ ስለሆነ ነው። ለማንም እምቢ ማለት አልችልም። የማይደርሰውን ሱሪ «ለዓርብ ይደርሳል» እላለሁ። ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሲመጡ ለሁለቱም በየተራ «እውነትህን ነው» ብዬ እሸኛቸዋለሁ።

ሚሌኒየሙ ከተከበረ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ ወጣቶቹን እንዳስተምር ተመደብኩ። ርዕሱ ሰውን ከማስደሰት ይልቅ እግዚአብሔርን ማስደሰት የሚል ነበር። ፊታቸውን ሳየው የወደዱት መሰለኝ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ስል ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «ወንድም ታደሰ፣ እርስዎ ለእግዚአብሔር ብለው ሰው ያስቀየሙት መቼ ነው? ቢነግሩን እንማርበታለን» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ቆሜ አሰብኩ፤ አንድም አላገኘሁም። «ብዙ ነው፤ ግን ሰዓቱ ደረሰ» ብዬ በጸሎት ዘጋሁ። እቤት ስደርስ ትዝ ያለችኝ አስቴር ነበረች።

አስቴር እሁድ እሁድ ሕፃናትን ታስተምር ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጇ ታመመችባትና ለሦስት ቀን ከአሰላ ጠፋች። ስትመለስ የአንድ ትልቅ ሽማግሌ ባለቤት «ጠንቋይ ደጅ ላይ ታይታለች» ብላ አስወራች። ነገሩ ጉባኤ ፊት ቀረበ። አስቴር ቆማ፣ «ናዝሬት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው ያደርኩት። እዚያ ያየኝ ሰው እዚህ ተቀምጧል» አለች፤ ስም አልጠራችም። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ክርና ቁልፍ ልገዛ ናዝሬት ወርጄ፣ በዚያው የታመመ ዘመዴን ልጠይቅ ስገባ አግኝቻት፣ ካርድ እስክታወጣ ልጇን አቅፌላት ነበር። ሰብሳቢው «የሚያውቅ ካለ ይናገር» አለ። በሚቀጥለው እሁድ ለሽማግሌነት ልመረጥ ስሜ ቀርቧል፤ ያቀረበኝም ያን ወሬ ያነሣችው ሴት ባል ነው። አስቴር አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከአገልግሎት አገዷት። ወር ሳይሞላት ልጇን ይዛ አገር ለቀቀች። እኔ ተመረጥኩ።

ሐረር እንዳለች የነገረኝ አንድ ደንበኛዬ ነው፤ «ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች» አለኝ። ለሽማግሌዎቹ የሐረር ጨርቅ ልገዛ እሄዳለሁ ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። እውነቱን የነገርኩት ለባለቤቴ ለጽጌ ብቻ ነው። ጽጌ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «አሁን ነው የምትሄደው?» አለችኝ። «አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ እንዴት ወሰደህ?» ሻንጣዬን ግን አዘጋጀችልኝ፤ ከላይ ግራጫውን ሙሉ ልብሴን አጥፋ አስቀመጠችልኝ።

ረቡዕ

ጎህ ሳይቀድ በጋሪ መናኸሪያ ደረስኩ። የአሰላ ብርድ እንደሚታወቀው ነው፤ ፈረሱ ራሱ ያላዝናል። ናዝሬት ላይ የሐረሩን አውቶቡስ ስሳፈር ካፖርቴን አወለቅኩ፣ አዋሽ ስንደርስ ሹራቤን። እኛ አገር ሙቀት የሚባለው ፀሐይ ላይ መቀመጥ ነው፤ አዋሽ ላይ ግን ሙቀቱ ከመሬት ነው የሚወጣው።

አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ አህመድ የሚባሉ፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ሐረር አጠገብ ያለችው የድሬ ጠያራ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸውን ናዝሬት ጠይቀው መመለሳቸው ነው። ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ፤ ከዚያ ስለ አሰላ ጠየቁኝ። ስንዴ እንደሚበዛ ስነግራቸው፣ «እኛ ማሽላ ነው። ድሮ ቡናም ነበረን፤ አሁን ጫቱ በላው» አሉኝ።

ሚኤሶን እንዳለፍን የአውቶቡሱ ሞተር ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። ሾፌሩ ሌላ ለማምጣት በጭነት መኪና ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እኛ ግራር ሥር ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ቺንጋው ገብቶ ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም ተሳፈረ፤ ጋሽ አህመድ ግን ውኃ ፈልገው አግኝተው፣ ታጥበው፣ ሶላት ጀምረው ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ረዳቱ በሩን ደበደበ። «ሽማግሌው ሊያስመሹን ነው!» ያለ አለ፤ «ጥለናቸው እንሂድ!» ያለም አለ። እኔ በእሳቸው ፋንታ አፈርኩ፤ በመስኮት ወጥቼ እንዴት እንዳልጎተትኳቸው አላውቅም። እሳቸው አልፈጠኑም፣ አልዘገዩምም። ጨርሰው፣ ጨርቃቸውን አራግፈው፣ «አፉ በሉኝ» እያሉ ገቡ።

ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «ጋሽ አህመድ፣ ያ ሁሉ ጩኸት አልተሰማዎትም?» አልኳቸው።

«ተሰማኝ እንጂ። ጆሮዬ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ታዲያ አላሳፈረዎትም?»

አዩኝ። «ልጄ፣ ሾፌሩ ሐረር ያወርደኛል፤ ከዚያ ወዲያ አያውቀኝም። የቆምኩት ሁልጊዜ ከሚያውቀኝ ፊት ነው። እሱን በመሐል ትቼ ለጥሩንባ ልሩጥ?»

አሰበ ተፈሪ ስንደርስ መሽቶ ነበር። እዚያ አደርን። አልጋ ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ከጋሽ አህመድ ጋር አንድ ክፍል ደረሰን። አንድ አልጋና አንድ ፍራሽ ነበር። አልጋውን እንዲወስዱ ለመንኳቸው፤ «አንተ እንግዳ ነህ፣ አገሬ ገብተሃል» ብለው ፍራሹ ላይ ተኙ።

ሐሙስ

ከአሰበ ተፈሪ ወደ ላይ ሲወጣ መንገዱ ተራራ ወገብ ላይ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ማሳው እንደ ሰሌን የተዘረጋ ነው፤ እዚያ ግን ተራራው በእርከን ተሸንሽኖ እንደ ቀሚስ ጥልፍ ሆኗል። ቁልቢ ላይ ብርዱ መጣ፤ የአሰላን አየር የቀመስኩት ያን ሰዓት ብቻ ነው። ሐሮማያ ስንደርስ ጋሽ አህመድ በመስኮት ደረቅ ሜዳ አሳዩኝ። «ይህ ሐይቅ ነበር» አሉኝ። የበቆሎ ማሳ ነው የሚመስለው።

ሐረር ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ጋሽ አህመድ፣ «አርብ ጠዋት ጊደር መጋላ ነኝ፤ ቲማቲም የሚራገፍበት ዘንድ ጠይቅ» ብለውኝ ተለያየን። እንዳድር የተላክሁት ጋሽ በለጠ ወደሚባሉ ጡረተኛ መምህር ቤት ነው፤ የደንበኛዬ አጎት ናቸው። ቤታቸው ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው። አያታቸው ወታደር ሆነው መጥተው እዚያው ቀርተዋል። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ እግሬን እንድታጠብ ውኃ አቀረቡልኝ። ልብስ ልቀይር ሻንጣዬን ብከፍት የሴት ቀሚሶች፣ አንድ ሻሽና የተጠቀለለ መጋረጃ አገኘሁ። ከአውቶቡሱ ጣራ ሲወርድ ተለዋውጧል።

ጋሽ በለጠ መናኸሪያ ድረስ አብረውኝ ተመለሱ፤ ሻንጣውን ለሥምሪት ሠራተኛው አስረከብን። እስኪገኝ ድረስ የራሳቸውን ሱሪ አዋሱኝ። ጋሽ በለጠ አጭር ናቸው። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ከፍ አለ። እትዬ ጥሩነሽ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የልብስ ሰፊ መጨረሻ ይህ ነው።

አርብ

ጠዋት በሸዋ በር ግንቡን አልፌ ወደ ጀጎል ገባሁ። የአሰላ መንገድ ሰፊና ጭቃ ነው፤ ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብና ድንጋይ ነው፤ ሁለት ሰው ከአህያ ጋር ከተገናኘ አንዱ ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት። ግድግዳው አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ነው። መንገድ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «በዚህ ሂድ» አይልም፤ ተነሥቶ አብሮ ይሄዳል። አንድ አዛውንት እጄን ይዘው ወሰዱኝና ሌላ ገበያ አደረሱኝ። ስህተት መሆኑን እያወቅኩ አመስግኛቸው፣ እስኪርቁ ቆሜ ጠበቅኩ።

ጋሽ አህመድን ቲማቲም ሳጥኖች መሐል አገኘኋቸው። ሱሪዬን አይተው፣ «በአንድ ቀን ነው ያደግከው?» አሉኝ። የምፈልጋትን ሴት ስነግራቸው፣ «አስቴር? የበርበሬዋ? ማን የማያውቃት! ሚዛኗን ሁሉም ያምነዋል» አሉ። ቦታዋ ግን በሸራ ተሸፍኗል። ዕቃ ልታመጣ ድሬዳዋ ወርዳለች፤ ነገ ትመለሳለች። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጋሽ አህመድ ወንድማቸው ቤት ምሳ ወሰዱኝ። ጫማ አውልቀን፣ ቀይ ቀለም የተቀባ መደብ ላይ ወጣን፤ ግድግዳው ላይ ሳህኖችና ሰፌዶች ተሰቅለዋል። ሩዝ፣ ድንችና ቲማቲም መጣ። ጋሽ አህመድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አትስጋ፤ ሥጋ የለበትም። ክርስቲያን እንግዳ አለን ብዬ ለብቻ ነው ያሠራሁት» አሉኝ። እስክጠግብ በላሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ እትዬ ጥሩነሽ ምሳ ሳይበሉ ጠብቀውኛል። የጾም ሽሮ፣ ስልስ፣ ሰላጣ። በልቻለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ሙስሊም ቤት መብላቴን ቢሰሙ ምን ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ተቀመጥኩና እንደገና በላሁ። «ኧረ አልበሉም!» እያሉ ሲጨምሩልኝ አልተከላከልኩም። ማምሻውን ሆዴን ይዤ ተንጋለልኩ። ጋሽ በለጠ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ተናዘዝኩ።

«ስለዚህ ነው?» ብለው ሳቁ። «እኛና እነሱ ስንት ዘመን ጎረቤት ነን! ለቅሶ አብረን ተቀምጠን፣ ሠርግ አብረን በልተን! ሰውዬ፣ ማንም ያልጠየቀህን ነው የምትፈራው።»

ቅዳሜ

ሻንጣዬ አልተገኘም። በዚያው ሱሪ ሄድኩ።

አስቴር ከሩቅ አወቀችኝ። ትንሽ ወፍራለች፣ ፀጉሯ ከግንባሯ ላይ ሸብቷል። አንዲት ደንበኛ ኮረሪማ እስክትመርጥ ጠበቀች፣ መዘነች፣ ሸኘች። ከዚያ፣ «ታደሰ» አለችኝ። ወንድም አላለችኝም። «ለንግድ ነው?»

«አይደለም። አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት።»

የአብሽ ከረጢት ላይ እንድቀመጥ አሳየችኝ። በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። መጀመሪያው ጠፋኝ፤ ስለዚህ መጨረሻውን ተናገርኩ። «ናዝሬት አይቼሻለሁ። ልጅሽን አቅፌያለሁ። የዚያን ቀን ዝም ያልኩት እንዳልመረጥ ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ።»

በርበሬው ላይ ያለውን ማንኪያ አንሥታ አስቀመጠችው። «ሁለት ዓመት ጠላሁህ» አለች። «እነሱን አይደለም፤ አንተን። እነሱ አላዩም፣ አንተ አይተሃል። ከዚያ ልጄ ትምህርት ቤት ገባች፣ ሥራው በዛ፣ ጸሎቱም ቀጠለ፤ አንድ ቀን ስጸልይ ስምህን ያለ ቁጣ ጠራሁት። ይቅር ካልኩህ ቆይቷል። ለዚህ ብለህ ከሆነ የመጣኸው፣ በከንቱ ደከምክ።»

አለቀስኩ። አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ፊቷን አዞረችልኝ። ስረጋጋ አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብኝ ተሰማኝ። «ነገ እሁድ ነው» አልኳት። «እዚህ በምትሄጂበት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ። በሰው ፊት።»

ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «እዚህ ምን ያደርግልኛል? እዚህ ማንም አያማኝም። ቆመህ ብትናገር ‹እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው› ብለው ይወዱሃል፤ ምሳ ይጋብዙሃል።»

እውነት ነው፤ ምሳ ይጋብዙኝ ነበር።

«እናቴን ታያታለህ?» አለችኝ።

እናቷ እማማ ሸዋዬ እኛው ቤተ ክርስቲያን ከፊት ሦስተኛው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። በየእሁዱ ሰላም እላቸዋለሁ። የገና ቀሚሳቸውንም የምሰፋው እኔ ነኝ።

«ደህና ናቸው» አልኳት።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም። ደብዳቤ ልኬ ተመለሰ። በሰው ስልክ ደውዬ ‹ጠንቋይ ቤት የሄደች ልጅ የለኝም› አለችኝ። ሔለን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አያቷን አታውቅም። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ ታደሰ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ውሸቱን አምና ነው የምታድረው። የምትናገረው ካለህ እዚያ ነው።»

አልወደድኩትም። ሐረር ድረስ የመጣሁት ነገሩ እዚህ አልቆልኝ እንድመለስ ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ያኔ ነው። «እሞክራለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ለደንበኛ «ለዓርብ ይደርሳል» የምልበት ድምፅ መሆኑ ገባኝና ዘጋሁት። ከዚያ፣ «እናገራለሁ» አልኩ።

«እናያለን» አለች አስቴር። ስልክ ቁጥር ተቀያየርን፤ ኮረሪማ በወረቀት ጠቅልላ «ለጽጌ» ብላ ሰጠችኝ።

እሁድ

ሻንጣዬ ጠዋት መጣ። የሌላው ሻንጣ ባለቤት ራሷ ናት ያመጣችው፤ መጋረጃዋ ለልጇ ሠርግ ኖሮ እሷም ሦስት ሌሊት አልተኛችም። ግራጫውን ልብሴን ለብሼ አስቴር ወደምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መሪው ሽማግሌ መሆኔን ሰምቶ ቃል እንዳካፍል ለመነኝ። «ዛሬ አልችልም» አልኩት። ሁለት ጊዜ ለመነኝ፤ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ። ቅር አለው። ከኋላ ተቀመጥኩ። አስቴር ሕፃናቱን ይዛ ወደ ጎን ክፍል ስትገባ አየሁ። ሔለን መዘምራን መሐል ነበረች። ያን ጊዜ ያቀፍኳት በትኩሳት የምትነድ ልጅ ነበረች፤ አሁን በቁመት ከእናቷ ትበልጣለች።

ሰኞ

ጋሽ በለጠና እትዬ ጥሩነሽ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። እትዬ ጥሩነሽ ለመንገድ ቆሎና ዳቦ ቋጥረውልኛል። መኪናው አልተበላሸም፤ ቢበላሽ ደስ ባለኝ። በመሸ ጊዜ ናዝሬት ገባሁ፣ በማግስቱ አሰላ።

ከዚያ በኋላ

ለጽጌ ነገርኳት። «ደንበኛ ይቀንሳል» አለች። ኮረሪማውን ከወረቀቱ እያወጣች፣ «ይቀንስ» አለች።

እሁድ ማስታወቂያ ሲነገር እጄን አውጥቼ ቆምኩ። አጭር ነው የተናገርኩት፤ ምን እንዳየሁ፣ የት፣ ልጅቷን ስንት ሰዓት እንዳቀፍኳት፣ ለምን ዝም እንዳልኩ። ያን ወሬ ያነሣችውን ሴት ስም አልጠራሁም፤ እሷ ግን ተነሥታ ወጣች፤ ባሏም ተከተላት። ሰብሳቢው «ይህ በሽማግሌዎች ክፍል የሚታይ ነው» አለ። «የዚያን ጊዜ የታየው እዚህ ነው፤ ይህም እዚሁ ይሰማ» አልኩ። እማማ ሸዋዬ ዞረው አላዩኝም።

በዚያው ሳምንት ከሽማግሌነት አነሡኝ፤ ተገቢ ነው። የመዘምራኑን ልብስ እንድሰፋ ተስማምተን ነበር፤ ለሌላ ሰጡት። መንገድ ላይ ሰላምታዬን የማይመልሱ ሰዎች አሉ። መጀመሪያ ሳምንት እህል አልበላ አለኝ። ሁለተኛው ሳምንት በላሁ።

እማማ ሸዋዬ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሱቄ በር ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«ልጅቱን አቅፈሃት ነበር?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ታማ ነበር?»

«በጣም። አስቴር ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ነው ያደረችው።»

«አሥራ ሦስት ዓመት ሰላም ስትለኝ ይህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

ምርኩዛቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ተከሉት። ሊመቱኝ መሰለኝ፤ ቢመቱኝ አልሸሽም ነበር። «የሐረር መኪና ከናዝሬት በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አሉ።

ላደርሳቸው ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ናዝሬት ድረስ የሸኘቻቸው ጽጌ ናት። ሲሄዱ በሱቄ ደጅ አለፉ፣ ቀና ብለው አላዩኝም። በማግስቱ ማታ አስቴር ደወለች። «ገብታለች» አለችኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት «ይቺ ናት ሔለን? ይቺ ናት?» ስትል ይሰማ ነበር።